ለቤት ጋራዥ የሥራ ክፍል የሚስማማ መብራት እንዴት ልምረጥ?

ጥያቄ

6 ሜትር በ4 ሜትር የሆነውን የቤቴን ጋራዥ ለእንጨት ሥራና ለቀላል የብረት ጥገና ልጠቀምበት አስቤያለሁ። የኮርኒሱ ከፍታ 2.6 ሜትር ነው። አሁን ያለኝ ብርሃን መካከሉ ላይ ከተንጠለጠለ አንድ አምፖልና በሩ አጠገብ ካለ ባለ ባላስት (ወደ ቱቦው የሚገባውን ኤሌክትሪክ የሚቆጣጠር ዕቃ ያለው) አሮጌ ፍሎረሰንት የሚገኝ ብቻ ነው። የሥራ ጠረጴዛዬ በረጅሙ ግድግዳ ሥር ስለተቀመጠ፣ ሞርሳው ላይ ባጎነበስሁ ቁጥር ያሰመርሁትን መስመር የራሴው ጥላ ይሸፍንብኛል። አንዳንድ ወዳጆቼ ለመጋዘን የሚሠራውን ክብ የኤልኢዲ መብራት አንድ ገዝቼ መካከል ላይ እንድሰቅል መክረውኛል። ይህ ይበቃኛል? ካልበቃስ ምን ዓይነት፣ ስንት፣ በየትኛው ቦታ ላይ ልስቀል?

መልስ፣ ከኤሌክትሪክ ባለሙያ

አንድ ኃይለኛ መብራት መካከል ላይ መስቀል የተነሣውን ችግር አይፈታም፤ እንዲያውም ጥላው ይበልጥ ጠቁሮ ይታይዎታል። ለመጋዘን የተሠራው ክብ መብራት የታሰበው 4 ሜትርና ከዚያ በላይ ከፍታ ላላቸው ቦታዎች ስለሆነ፣ በ2.6 ሜትር ላይ ሲሰቀል ዓይን ከመውጋቱም በላይ ከሥሩ ያለውን ወለል አጥለቅልቆ ጥጋጥጉን ጨለማ ይተወዋል። ለዝቅተኛ ኮርኒስ የሚስማማው 1.2 ሜትር ርዝመት ያለው ቀጥ ያለ የኤልኢዲ መብራት ነው፤ ብርሃኑ ከረጅም መስመር ስለሚመጣ ጥላው ይሳሳል፣ ጠርዙም ይደበዝዛል።

ብዛቱን ለማወቅ ዋትን ሳይሆን ሉመንን ይቁጠሩ። ዋት የሚፈጀውን ኃይል፣ ሉመን ደግሞ የሚወጣውን ብርሃን ይለካል። በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሉመን ሲያርፍ አንድ ሉክስ ይባላል። ለአጠቃላይ የእጅ ሥራ ከ300 እስከ 500 ሉክስ ይበቃል። የእርስዎ ክፍል 24 ካሬ ሜትር ስለሆነ፣ 500 ሉክስ ለማግኘት 12,000 ሉመን ሥራው ላይ መድረስ አለበት። ነገር ግን ግድግዳው፣ ዕቃውና መብራቱ ላይ የሚያርፈው አቧራ ከፊሉን ስለሚያስቀሩት፣ ከመብራቱ ከሚወጣው 65 በመቶው ብቻ እንደሚደርስ አድርጎ ማስላት ይበጃል፤ ስለዚህ 18,500 ሉመን ገደማ ያስፈልጋል። እያንዳንዳቸው 3,100 ሉመን አካባቢ የሚሰጡ ስድስት መብራቶች ይህን ይሞላሉ። ግድግዳውንና ኮርኒሱን ነጭ ቀለም ከቀቡት ያው መብራት የተሻለ ብርሃን ይሰጥዎታል፤ ብዙ ሰው መብራት ለመጨመር ይቸኩላል እንጂ ይህን አያስብም።

መልስ፣ ከአናጺ

ስሌቱ ትክክል ነው፤ እኔ ግን ከቁጥሩ ይልቅ አሰቃቀሉን አስቀድማለሁ። ሦስት ሦስት መብራቶች በሁለት ረድፍ ይሁኑ፣ አንደኛው ረድፍም ከጠረጴዛው የፊት ጠርዝ በላይ ይዋል። ጠረጴዛዎ 60 ሴንቲ ሜትር ስፋት ካለው፣ ረድፉ ከግድግዳው 60 ሴንቲ ሜትር ያህል ይርቃል ማለት ነው። መብራቱ ከጀርባዎ ከሆነ ምንም ያህል ቢደምቅ ጭንቅላትዎና ትከሻዎ ይጋርዱታል፤ ከፊትዎ ወይም ከአናትዎ ትይዩ ከሆነ ግን ጥላው ወደ ኋላዎ ይወድቃል። ለጠባብ ልኬትና ለመሮ ሥራ ደግሞ ክንዱ የሚታጠፍ አንድ መብራት ጠረጴዛው ላይ ቢጨምሩ መልካም ነው። ይህን መብራት በጎን ዝቅ አድርገው ሲያበሩት መላጊያው የተወውን ሸካራ ቦታ ሁሉ ያሳይዎታል፤ ከላይ የሚመጣው ብርሃን ይህን ይደብቀዋል።

ስለ ብርሃኑ ቀለም፣ 4,000 ኬልቪን ለእንጨት ይስማማል ባይ ነኝ፤ የኬልቪን ቁጥር ሲጨምር ብርሃኑ ከቢጫነት ወደ ነጭና ሰማያዊ ያደላል። ማቅለሚያና ቫርኒሽ የሚቀቡ ከሆነ፣ የቀለም መለያ ደረጃው ወይም ሲአርአዩ (ብርሃኑ የዕቃን ቀለም ምን ያህል በትክክል እንደሚያሳይ ከ100 የሚለካው) 90 እና ከዚያ በላይ የሆነውን ይምረጡ፤ በ70 ደረጃ ሥር ቀይና ቡናማ እንጨት ይደበዝዛል።

ጠያቂው

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ሁለት ነገሮች ይቀሩኛል። የጋራዡ በር ሲከፈት ወደ ላይ ተነሥቶ በኮርኒሱ ሥር ስለሚተኛ፣ በዚያ በኩል ያሉትን መብራቶች ይሸፍናቸዋል። በተጨማሪም እጄ በሥራ ሲያዝ ማብሪያውን ፍለጋ እንዳልሄድ፣ እንቅስቃሴ ሲያይ ራሱ የሚበራ ሴንሰር ባስገባ ይሻል ይሆን?

መልስ፣ ከብረት ሠራተኛ

ሴንሰሩን ለመግቢያው ይተዉት፤ ማሽን ባለበት ቦታ ግን እባክዎ አያድርጉት። ግራይንደር ይዘው ሰውነትዎ ሳይንቀሳቀስ አንድ ቦታ ላይ ሲያተኩሩ፣ ሴንሰሩ ሰው የለም ብሎ ሊያጠፋብዎ ይችላል፤ ዲስኩ ግን በጨለማ መሽከርከሩን ይቀጥላል።

ከዚህ የሚብስ አደጋ ያለው በአሮጌው ፍሎረሰንት ላይ ነው። በ50 ኸርዝ ኤሌክትሪክ የሚሠራ ባለ ጠመዝማዛ ባላስት ፍሎረሰንት በሰከንድ 100 ጊዜ ይርገበገባል፤ ዓይናችን አያየውም እንጂ። በደቂቃ 3,000 ዙር የሚሽከረከር መጋዝ በሰከንድ 50 ዙር ስለሚሆን በአንድ ዙር ልክ ሁለት ርግብግብታ ይደርሳል፤ ርግብግብታውና ዙሩ እንዲህ ሲገጣጠሙ ጥርሶቹ የቆሙ ወይም ቀስ ብለው የሚዞሩ መስለው ይታያሉ። የቆመ የመሰለ መጋዝ እጅን ይጋብዛል። ርካሽ የኤልኢዲ መብራትም ድራይቨሩ (ኤሌክትሪኩን ለኤልኢዲው የሚያስተካክለው ክፍል) ደካማ ከሆነ እንዲሁ ይርገበገባል። ከመግዛትዎ በፊት መብራቱ በርቶ ሳለ በስልክዎ በዝግታ የሚቀዳ ቪዲዮ አንሡት፤ ብርሃኑ ከፍ ዝቅ እያለ ከታየ ይተዉት።

በሩን በተመለከተ፣ በሩ የሚተኛበትን ስፋት ለክተው ሁለተኛውን ረድፍ ከዚያ ወደ ውስጥ ያስገቡት፤ ለበሩ አካባቢ ደግሞ ከሐዲዱ ውጭ በሁለቱ የጎን ግድግዳዎች ላይ አንዳንድ መብራት ይግጠሙ። እኔ በግሌ ለብረት 5,000 ኬልቪን እመርጣለሁ፤ በዚህ ከአናጺው ወንድሜ ጋር አንስማማም፣ ግን ሁለቱም ያሠራሉ። በአንድ ክፍል ውስጥ መቀላቀሉ ብቻ ዓይን ያሰለቻል።

የኤሌክትሪክ ባለሙያው በድጋሚ

ሰጋቱራና የብረት ብናኝ ባለበት ቦታ ክፍት መብራት አይግዙ። መያዣው ላይ አይፒ65 የሚል ምልክት ያለው አቧራ ፈጽሞ አያስገባም፣ በጨርቅም በቀላሉ ይወለወላል። ይህ ምልክት ግን ተቀጣጣይ ትነትን እንደማያካትት ይወቁ፤ ቀለም በመርጫ የሚረጩ ከሆነ ለዚያ ተብሎ የተሠራ መብራትና በቂ የአየር ማስወጫ ያስፈልጋል።

አሮጌውን ፍሎረሰንት በኤልኢዲ ቱቦ ለመተካት ካሰቡ፣ ቱቦው ላይ የተጻፈውን አስቀድመው ያንብቡ። ከባላስቱ ጋር የሚሠራ አለ፤ ባላስቱ ከመስመሩ ወጥቶ ሽቦው በቀጥታ እንዲገባለት የሚፈልግም አለ። ሁለተኛውን ዓይነት ሽቦውን ሳይለውጡ ከገጠሙት ይበላሻል፣ አንዳንዴም አደጋ ያስከትላል። ለስድስት አዲስ መብራቶች ሲሆን ግን አሮጌውን አውርዶ ሙሉውን ዕቃ መግዛት ያዋጣል። የወረደውን ቱቦ ሜርኩሪ ስላለበት አይስበሩት።

በመጨረሻም የመብራቱን መስመር ከሶኬቶቹ ለይተው የራሱ ብሬከር ይስጡት። መጋዙ ከአቅም በላይ ስቦ የሶኬቱን ብሬከር ቢያወርደው፣ መብራቱ አብሮ እንዳይጠፋ ይረዳል። ሁለቱን ረድፎችም በሁለት ማብሪያ ይለዩአቸው፤ ጠረጴዛው ላይ ብቻ ሲሠሩ ሁሉንም ማብራት አይኖርብዎትም። ይህን መስመር ፈቃድ ያለው ባለሙያ ይዘርጋልዎት።