የክሬስሊንግ ኦሪጋሚ በእጅ ጠቅ ብሎ ይዘጋል፣ ማሽን ላይ ግን አይዘጋም

ጥያቄ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ባለ ስድስት ጎን የክሬስሊንግ ሲሊንደር (እየተጠማዘዘ የሚያጥር የኦሪጋሚ፣ ማለትም የማጠፍ ጥበብ፣ ቱቦ) ከ0.3 ሚሜ ፖሊፕሮፒሊን ፕላስቲክ በሌዘር ቆርጬ አጥፌያለሁ፤ ቁመቱ 40 ሚሜ ነው። በእጅ ስጫነው እየተጠማዘዘ ይወርድና ጠቅ ብሎ እንደተዘጋ ይቀራል። የመጭመቂያ መፈተሻ ማሽን ላይ ሁለቱን ጫፍ በብሎን አስሬ ስጨምቀው ግን ኃይሉ ዝም ብሎ ይወጣል፣ ግድግዳውም ይጎብጣል። ግራፉ በየዙሩ ይለያያል። ሎድ ሴሉ (ኃይሉን የሚለካው የማሽኑ ክፍል) 5 ኪሎ ኒውተን ነው። ችግሩ የት ጋ ነው?

መልስ 1፦ አስተሳሰሩ ላይ ነው። ይህ ቅርጽ ሲያጥር የግድ ይዞራል፤ ከከለከልከው የምትለካው የገጾቹን መጉበጥ ብቻ ነው። አንዱን ጫፍ በኩሽኔታ ልቀቀው። ማሽኑንም በኃይል (በኒውተን) ሳይሆን በእንቅስቃሴ (በሚሊ ሜትር) ምራው፣ በደቂቃ 10 ሚሜ ይበቃል። በኃይል ከመራኸው ግራፉ ላይ ከኃይሉ ከፍተኛ ነጥብ በኋላ ያለውን ቁልቁለት ዘሎት ያልፋል።

መልስ 2፦ ኩሽኔታው ግፊት ብቻ የሚችል እንዳይሆን። ኃይሉ ከከፍተኛው ነጥብ ወርዶ ዜሮን ካለፈ በኋላ ናሙናው ራሱ የማሽኑን ሳህን ወደ ታች ይጎትታል፤ ያኔ ኩሽኔታው ይላቀቅና ግራፉ ዜሮ ላይ ይተኛል። ተራው 608 የሚባለው ኩሽኔታ (ቀዳዳው 8፣ የውጭ ስፋቱ 22፣ ውፍረቱ 7 ሚሜ) ለዚህ ኃይል በሁለቱም አቅጣጫ ይበቃል። የውስጡንም የውጭውንም ቀለበት አጥብቀህ እሰር። የጎማ ክዳኑን አንሳ፣ ግራሱን እጠብ፣ አንድ ጠብታ ቀጭን ዘይት አድርግ፤ አለዚያ የግራሱ መያዝ ግራፉ ላይ በመጫኛውና በመመለሻው መስመር መካከል ያለውን ክፍተት ያሰፋዋል።

መልስ 3፦ ሎድ ሴሉንም ቀይር። የ5 ኪሎ ኒውተን 0.2 በመቶ ስህተት ብቻ 10 ኒውተን ነው፤ ያንተ ናሙና ምናልባት ከዚያ በታች ነው የሚጭነው። የ50 ወይም የ100 ኒውተን ይሻላል። በየዙሩ መለያየቱ ከፕላስቲኩ ነው፦ አዲስ እጥፋት እየላላ ይሄዳል። ሳትመዘግብ 20 ጊዜ ያህል ክፈትና ዝጋው፣ በዙሮች መካከል ያለውን ዕረፍትም እኩል አድርግ። እጥፋቶች የሚገናኙበት ማዕዘን ላይ 2 ሚሜ ቀዳዳ ከሌለ መቀደድ ከዚያ ይጀምራል። ኩሽኔታ ገብቶም ገጾቹ ትንሽ ቢታጠፉ አትደንግጥ፤ ክሬስሊንግ እንደ ሚዩራ (ሌላ የኦሪጋሚ አጣጠፍ) ገጹ ቀጥ እንዳለ አይታጠፍም።

ጠያቂ፦ አመሰግናለሁ። ኩሽኔታው እስኪገኝ ሌላ መላ አለ?

መልስ 2፦ አለ። አንዱ ወደ ግራ፣ ሌላው ወደ ቀኝ የሚዞር ሁለት ናሙና ደራርብ፤ ሁለቱ ጫፎች ይታሰሩ፣ መካከለኛው ሳህን በነፃ ይዙር። ሳህኑ ቀላል ይሁን። ሁለቱ በመካከለኛው ሳህን ስለተያያዙ አብረው ይዞራሉ።