«ጃንሆይን አገባቸው» ሲል ምን ማለቱ ነው?

ባለደብተሯ
ሰላም ለዚህ ቤት። የአያቴን ማስታወሻ ደብተር በኮምፒውተር እየተየብኩ ነው። ጎጃሜ ነበር፤ የቄስ ትምህርት ቤት ዳዊት ደጋሚ። አንድ ዓረፍተ ነገር ላይ ሦስት ቀን ቆምኩ። እንዲህ ይላል፦ «ጀነራል ዊንጌት የጌዴዎን ጭፍራ ይዞ በኦሜድላ በኩል ጃንሆይን አገባቸው።» ዊንጌት ጣልያንን ለማስወጣት ጎጃም የዘመተው እንግሊዛዊ መኮንን ነው፤ «የጌዴዎን ጭፍራ» የጦሩ ስም። ግን ይሄ «አገባቸው» ምንድን ነው? ለእህቴ ልጆች ሳነብላቸው ሳቁብኝ። እንዳለ ልተወው ወይስ ላርመው?

የሰፈር ልጅ
እልልልል! ሽማግሌ ማን ተላከ?

ታሪክ ወዳድ
ቀለድክ እንጂ ሽማግሌው አለ። እንግሊዛዊው ሳንድፎርድ ነው። «ተልዕኮ 101» የሚባለውን ቡድን ይዞ ነሐሴ 1940 እ.ኤ.አ. ጎጃም ገብቶ ከአርበኞች ጋር ነገሩን ሲያበጅ ነበር። ጃንሆይ ኦሜድላ ላይ የሱዳንን ድንበር የተሻገሩት ከአምስት ወር በኋላ፣ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ነው።

የሰፈር ልጅ
ጥር 12? ቃና ዘገሊላ! ሰርግ ነው አላልኳችሁም?

ሊቀ ነገር
እባካችሁ ጨዋታውን ለጊዜው ተዉት። እህቴ፣ አያትሽ ግእዝ በጆሮው ያለ ሰው ነው። የአማርኛው «ገባ» የመጣው ከግእዙ «ገብአ» ነው። «ገብአ» ደግሞ መጀመሪያ ትርጉሙ «ተመለሰ» ነው። ለመግባትማ «ቦአ» አለ። «አግብአ» ሲል «መለሰ» ማለት ነው። ስለዚህ «ጃንሆይን አገባቸው» ማለት ከስደት ወደ ዙፋናቸው መለሳቸው ማለት ነው። ቀላል ነገር። አሥራ ሁለት ዓመት ቅኔ ቤት የተቀመጥኩት በከንቱ አይደለም።

ዘጎጃም
የኔታ፣ አሥራ ሁለት ዓመት ተቀምጠው ይሁዳን ዘለሉት? «ይሁዳ ዘአግብኦ» የሚለውስ? «አግብአ» አሳልፎ ሰጠም ይሆናል። በእርስዎ ስሌት ዊንጌት ጃንሆይን ለጣልያን ሸጣቸው ማለት ነው። ሰውየው በግእዝ አልጻፈም። እኛ አገር እስከ ዛሬ «ከብቱን አገባው»፣ «እህሉን አገባሁት» ይባላል። ከውጭ ወደ ውስጥ አመጣ ማለት ነው፣ አለቀ።

ሊቀ ነገር
ንጉሠ ነገሥትን ከከብት ጋር?

ዘጎጃም
ከብትን የናቀ ጎጃም አይኖርም።

ታሪክ ወዳድ
እኔን የከነከነኝ ሌላ ቃል ነው፤ «ጀነራል» የሚለው። ያን ጊዜ ዊንጌት ጄኔራል አልነበረም። ሱዳን ሲመጣ ሻለቃ ነው። ጎጃም ላይ በጊዜያዊ ማዕረግ ኮሎኔል ተባለ። ዘመቻው አልቆ ጦሩ ሲበተን ተመልሶ ሻለቃ አደረጉት። ካይሮ ላይ ወባ ይዞት፣ ተስፋ ቆርጦ በገዛ እጁ አንገቱን በካራ ቆርጦ ለትንሽ ተርፏል። ሜጀር ጄኔራል የሆነው በርማ ውስጥ ከጃፓን ጋር ከተዋጋ በኋላ፣ በ1943 እ.ኤ.አ. ነው። በማግሥቱ ዓመት መጋቢት ላይ ሕንድ ውስጥ፣ ማኒፑር አካባቢ አውሮፕላኑ ወድቆ ሞተ፤ 41 ዓመቱ ነበር። አያትሽ «ጀነራል» ካሉ ያን መስመር የጻፉት ነገሩ በሆነበት ሰሞን አይደለም። ምናልባት ትምህርት ቤቱ በ1946 እ.ኤ.አ. በስሙ ከተከፈተ በኋላ ነው።

የሰፈር ልጅ
እኔ ዊንጌት የታክሲ መጨረሻ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ረዳቱ «ዊንጌት! ዊንጌት! የሞላ!» ሲል የሰው ስም ነው ብዬ አስቤ አላውቅም።

ከኔታንያ
እኛ ጋ ደግሞ ዊንጌት የስፖርት ተቋም ነው። ከኔታንያ ወጣ ሲሉ ይገኛል። ከኢትዮጵያ የመጡ ብዙ ልጆች ያደጉበት «የሚን ኦርድ» የሚባል የወጣቶች መንደርም በስሙ ነው፤ ኦርድ የመጀመሪያ ስሙ ነው። አይሁዶች «ሃያዲድ» ይሉታል፣ «ወዳጁ» ማለት ነው።

ሊቀ ነገር
ያዲድ! ሰሎሞንን ናታን «ይዲድያ» ብሎ እንደጠራው። የእኛ «ወደደ» ከዚያው ሥር ነው። የእኛ «ወ» ቃል ሲጀምር ዕብራይስጡ ዮድ ያደርገዋል፦ ወለደ፣ ያላድ፤ ወረደ፣ ያራድ። ወዳጅም ያዲድም አንድ ናቸው።

ዘጎጃም
ይቺን እቀበላለሁ። ምን ጊዜም ይሁዳ ላይ ብቻ ነው የምንጣላው።

ባለደብተሯ
አመሰግናለሁ፣ ብዙ ተማርኩ። ግን «አገባቸው»ን ልተወው ወይስ «አስገባቸው» ልበለው?

የምዕራፍ ሰው
ማንም «ጭፍራ»ን አላየም እንዴ? ዋናው እሱ ነው። ጭፍራ ከ«ጨፈረ» ነው የመጣው። ድሮ ወታደር ሲዘምት እየጨፈረ፣ እየፎከረ ነበር።

ሊቀ ነገር
በፍጹም። ጭፍራ ማለት የወታደር ጓድ ነው።

ዘጎጃም
በዚያ ላይ የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 10ን አንብብ። ቆርኔሌዎስ የየትኛው ጭፍራ መቶ አለቃ ነበር? «ኢጣሊቄ ለሚሉት»! በመጽሐፉ ጭፍራ የጣልያን ነው። አያቷ የእንግሊዙን ሰውዬ ጦር ጭፍራ ያሉት ሆን ብለው አሽሟጠው እንዳይሆን።

ከኔታንያ
ጌዴዎንን ግን አትለፉት። ዊንጌት ያንን ስም ከአየር አላወረደውም። ወላጆቹ መጽሐፍ ቅዱስ ከእጃቸው የማይለይ፣ «የፕሊማውዝ ወንድሞች» የሚባሉ ጥብቅ ሃይማኖተኞች ነበሩ። በ1938 እ.ኤ.አ. ፍልስጤም ሳለ «ልዩ የሌሊት ጓድ» አቋቁሞ ነበር፤ የእንግሊዝና የአይሁድ ወታደሮች ተቀላቅለው በሌሊት የሚዋጉበት። ሰፈሩ ዐይን ሐሮድ ነበር። መሳፍንት 7ን አስታውሱ፤ ጌዴዎን ሦስት መቶዎቹን የመረጠው በሐሮድ ምንጭ ነው።

ታሪክ ወዳድ
ጎጃም ላይም ያንኑ ነው ያደረገው። ችቦና ማሰሮ ባይይዝም። የሱዳን ድንበር ሻለቃ ጦርና ሁለተኛው የኢትዮጵያ ሻለቃ ጦር ተደምረው 2,000 ገደማ ነበሩ። ጭነቱን የያዙት ግመሎች በደጋው ብርድና በአቀበቱ በሺዎች አለቁ። በሌሊት እየመታ፣ ትልቅ ጦር ያለው እያስመሰለ፣ አርበኞቹም ዙሪያውን ከበው፣ በብዙ እጥፍ የሚበልጠው የጣልያን ጦር ቡሬን ለቀቀ፣ ደብረ ማርቆስንም ለቀቀ። ግንቦት ላይ ኮሎኔል ማራቬንታኖ በሺዎች ከሚቆጠር ጦሩ ጋር እጁን ሰጠ።

ዘጎጃም
«አርበኞቹም ዙሪያውን ከበው» ብለህ በአንድ ሐረግ አለፍካቸው! አምስት ዓመት ጫካ ያደረው ማን ነው? «አገባቸው»ን የምጠላውም ለዚህ ነው። ያገባቸው ጎጃም ነው። ዊንጌት አጅቦ ገባ።

ታሪክ ወዳድ
ግድ የለም፣ ግን «አጀበ» ደግሞ ከኋላና ከጎን ነው። ሚያዝያ 27 አዲስ አበባ ሲገቡ ዊንጌት ነጭ ፈረስ ላይ ሆኖ ከፊት ነበር፤ ጃንሆይ በመኪና። ከፊት የሄደ አጀበ ይባላል ወይስ መራ?

ሊቀ ነገር
ከፊት የሄደማ «ቀደመ» ነው። ዮሐንስ መጥምቅም ከፊት ሄዷል።

ዘጎጃም
አሁን ዊንጌትን መጥምቁ አደረጉት?

ታሪክ ወዳድ
እኔ «አገባቸው» ልክ ነው የምለው በሌላ ምክንያት ነው። አዲስ አበባን ከደቡብ መጥቶ በ1941 እ.ኤ.አ. ሚያዝያ መጀመሪያ የያዘው ጄኔራል ካኒንግሃም ነው። እውነተኛው ጄኔራል እሱ ነበር። ከተማው ከተያዘ በኋላ ጃንሆይ ሳይገቡ አንድ ወር ያህል ቆይተዋል፣ አብዛኛውን ጊዜ ደብረ ማርቆስ ሆነው። ካኒንግሃም ለጣልያን ሲቪሎች ሰግቶ ቶሎ እንዲገቡ አልፈለገም። እና አንዱ በር ሲይዝ ሌላው አገባቸው። አያትሽ ይሄን የሚያውቁ ሰው ይመስላሉ።

የሰፈር ልጅ
ኦሜድላ የፖሊስ ክለብ አይደለም እንዴ? «በኦሜድላ በኩል አገባ» ማለት በቃ ጎል ነው።

ሊቀ ነገር
አስተዳዳሪ የለም እዚህ ቤት?

የምዕራፍ ሰው
እህታችን የገጹን ፎቶ ለጥፊልን። በዓይናችን እንየው።

ባለደብተሯ
ለጥፌአለሁ። ወረቀቱ ትንሽ ተጎድቷል፣ ይቅርታ።

ዘጎጃም
ቆይ ቆይ። በ«አ» እና በ«ገ» መካከል ቀዳዳ አለ። አንድ ፊደል የሚያስገባ ቀዳዳ!

ታሪክ ወዳድ
አዎ፣ ብል በልቶታል። «አስገባቸው» ሊሆን ይችላል እኮ።

ሊቀ ነገር
ሊሆን አይችልም። የጥንት ጸሐፊ ፊደል አራርቆ ነው የሚጽፈው። «ስ» አልነበረም።

ባለደብተሯ
ታዲያ ምን ብዬ ልተይበው?

የምዕራፍ ሰው
በነገራችን ላይ «ብል» ከ«በላ» እንደመጣ ታውቃላችሁ? ስለሚበላ ነው።

ሊቀ ነገር
የለም! «በልየ» ነው፤ አረጀ፣ ብሉይ ከሚለው። አሁን ደግሞ እዚህ ላይ ልትከራከረኝ ነው?