ለጥቁርና ነጭ ፎቶ የሚሆን አምፖል ጠቁሙኝ

ጠያቂው፦ ሰላም ናችሁ? የአያቴን የድሮ ጉርድ ፎቶ አሳድጌ አሳጠብኩና ሳሎን ሰቀልኩት። ሱቁ ውስጥ ጥርት ያለ ጥቁርና ነጭ ነበር። ማታ አምፖል ሲበራ ግን ነጩ ቢጫ ይሆናል፣ ግራጫው ወደ አረንጓዴ ያደላል። አዲስ አበባ ውስጥ ደህና አምፖል የት አለ? ዋርም ይሻላል ነጭ?

የጉለሌው፦ መርካቶ ደንበኛዬ ጋ ሂድ። ሌላ ቦታ አትልፋ።

ፊልም ናፋቂ፦ ምን ላይ ነው የታጠበው? ብዙ ላቦች ጥቁርና ነጩንም በከለር ወረቀት ነው የሚሠሩት። ግራጫው ከሦስት ቀለም ስለሚደባለቅ መብራት ሲቀየር መልኩ ይለወጣል። የድሮው ወረቀት ላይ ምስሉ ራሱ ብር (ማዕድኑ) ስለሆነ እንዲህ አይወዛወዝም።

ማሚቱ፦ ፍሬም ያነሳ ባይኖርም እኔ ላንሳ። የእናቴን የሠርግ ፎቶ አንዱ ፍሬም ሠሪ ያለ ምንም ክፍተት መስታወቱ ላይ ለጥፎ ሰጠኝ። ክረምት እርጥበት ገባና ተጣበቀ። ስሄድ «መስታወቱ ጥሩ ነው» አለኝ!

እንግዳ፦ ማነው? ስሙን ንገሪና እንጠንቀቅ።

ማሚቱ፦ ሰፈራችን ነው፣ ተዉት።

ብሩክታዊት፦ የእኛም ተጣብቋል! እንዴት ይላቀቃል?

ፊልም ናፋቂ፦ በፍጹም እንዳትጎትቱት፣ ምስሉ ተልጦ ይቀራል። ከነመስታወቱ ስካን አድርጉት።

ቀልደኛው፦ ሰውዬው አምፖል ነው የጠየቀው። ነገ ስለ ኮርኒስ እናወራለን፣ ከነገ ወዲያ ስለ ሊዝ።

የጉለሌው፦ እኮ፣ ደንበኛዬ ጋ ይሂድ አልኩ።

ቀልደኛው፦ የሱ አምፖል በምን ይበልጣል?

የጉለሌው፦ ሰውየውን አውቀዋለሁ።

መብራት ሠራተኛ፦ ወንድሜ፣ ካርቶኑ ላይ ሁለት ቁጥር ፈልግ። አንደኛው ኬልቪን ነው፣ የብርሃኑን ቀለም የሚናገረው። 2700 ቢጫ ነው፣ 6500 ደግሞ ሰማያዊ ያበዛል፤ እኔ ለእንዲህ ያለ ፎቶ 4000 አካባቢ እመርጣለሁ። ሁለተኛው ሲአርአይ (CRI) ነው፣ መብራቱ ቀለምን ምን ያህል በትክክል እንደሚያሳይ የሚናገረው፤ ከ90 ካነሰ ተወው። ርካሹ ኤልኢዲ ላይ ጭራሽ አይጻፍም፣ እሱ ራሱ መልስ ነው። መብራቱ ከላይ ሰያፍ ይምጣ፣ ፊት ለፊት ከሆነ መስታወቱ ያንጸባርቃል። ደብዛዛም አይሁን፤ አያትህ ካባ ለብሰው ከሆነ የካባው እጥፋት ጥቁሩ ውስጥ ይሰምጣል። ግን ከመግዛትህ በፊት ፎቶውን ቀን መስኮት አጠገብ እየው። እዚያም አረንጓዴ ከመሰለ ጥፋቱ የላቡ ነው።

ማሚቱ፦ ላቦችማ አይነሱ።

ጠያቂው፦ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የመርካቶው ሰውዬ እሁድ ይከፍታል?

የጉለሌው፦ አይከፍትም። እኔ ከደወልኩለት ግን ይከፍታል።