ኤምኤስ ነው ወይስ የአንጎል ዕጢ?

ታላቅ እህት፦
ሰላም ለሁላችሁም። የምንኖረው ስቶክሆልም ነው። ታናሽ እህቴ 29 ዓመቷ ነው። ከሦስት ሳምንት በፊት ቡና ስትቀዳ ጀበናው ከቀኝ እጇ አመለጣት፤ በማግስቱ ቃላት ይጠፉባት ጀመር። ኤምአርአይ ስትነሣ በግራ በኩል 3 ሴንቲ ሜትር የሚያህል ነገር ታየ። መጀመሪያ «ዕጢ ሳይሆን አይቀርም» አሉን። ትናንት ሌላ ሐኪም «ኤምኤስም (መልቲፕል ስክለሮሲስ የሚባለው የነርቭ በሽታ) ሊሆን ይችላል፤ ምናልባት ባዮፕሲ፣ ማለትም ከቁስሉ ናሙና ወስዶ መመርመር፣ ያስፈልጋል» አለችን። ሁለቱን ምን አገናኛቸው? ኤምኤስ ወደ ዕጢ ይቀየራል? ጎንደር ላለችው እናታችንስ ምን ልበላት?

አምባር፦
እግዚአብሔር ይማርልሽ እህቴ። አይቀየርም። ኤምኤስ የሰውነት መከላከያ የነርቭን ሽፋን ሲያጠቃ የሚመጣ ነው፤ ዕጢ ደግሞ ሴሎች ያለልክ ሲባዙ። ግን በፎቶ ይመሳሰላሉ፤ እኔ ራሴ በ2017 «ዕጢ አለብህ» ተብዬ ሁለት ሳምንት እንቅልፍ አላየሁም። የኤምኤስ ቁስል ብዙ ጊዜ ትንሽ ነው። አልፎ አልፎ ግን ከ2 ሴንቲ ሜትር ይበልጥና ዙሪያውን አሳብጦ ዕጢ ይመስላል፤ «ቱሜፋክቲቭ» ይሉታል። ኮንትራስት (ቁስሉን አጉልቶ የሚያሳይ ፈሳሽ) በደም ሥር ሰጥተው ሲያነሡኝ የቁስሉ ዳር እንደ ቀለበት አበራ፤ ቀለበቱ ግን ባንድ ጎኑ ክፍት ነበር። ሐኪሜ «ጫፉ ያልገጠመ አምባር ነው፤ ይሄ ወደ ኤምኤስ ያደላል» አለችኝ። አምስት ቀን ስቴሮይድ (እብጠት የሚቀንስ መድኃኒት) በደም ሥር ወሰድኩ፤ ከስድስት ሳምንት በኋላ በግማሽ ቀንሶ ነበር። ባዮፕሲ አላስፈለገኝም። የእህትሽ ቀለበት ክፍት ነው ዝግ? ጠይቂ።

ነርስ ነኝ፦
በስቴሮይድ መቀነሱ ብቻውን ማረጋገጫ አይደለም። የአንጎል ሊምፎማ የሚባለው ካንሰርም በስቴሮይድ ለጊዜው ይሟሽሻል፤ ከዚያ ናሙና ቢወሰድ እንኳ ላይገኝ ይችላል። ስለዚህ እሱን ከጠረጠሩ፣ ሁኔታዋ ከፈቀደ፣ ስቴሮይዱን ናሙና እስኪወሰድ ማዘግየታቸው ቸልተኝነት አይምሰልሽ። የአከርካሪ ኤምአርአይ ተነሥታለች? እዚያ ሌላ ቁስል ከተገኘ ኤምኤስ የመሆን ዕድሉ ይጨምራል። የጀርባ ውሃ ምርመራም ይረዳል፤ ጭንቅላቷ ውስጥ ግፊት ካለ ግን ላይወስዱላት ይችላሉ። ኤምኤስና ዕጢ አንድ ሰው ላይ አብረው የታዩበት ጊዜም አለ፤ በጣም ጥቂት ነው። ባዮፕሲውን በፍርሃት ብቻ እንዳትከለክሏት አደራ።

ታላቅ እህት፦
ሁለታችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። አከርካሪዋን አልተነሣችም፤ ማክሰኞ መጀመሪያ የምጠይቀው እሱን ነው። ለእማዬ «ገና አልለየም» አልኳት። «ድምጿን አሰሚኝ» አለች። እህቴ «ደህና ነኝ» ለማለት ብዙ ቆየች፤ ግን አለችው።