ፕሮፕራኖሎል ስጀምር የመጣብኝ ብርድ፣ ድካምና ቅዠት

ጥያቄ፦ መምህርት ከመሐል ሜዳ

ጤና ይስጥልኝ። ልቤ ያለ ምክንያት ትር ትር እያለ፣ አንዳንዴም ከእንቅልፌ እየቀሰቀሰ ስላስቸገረኝ ደብረ ብርሃን ወርጄ ተመረመርኩ። የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራውም ሆነ አልትራሳውንዱ በልቤ አካል ላይ ችግር እንደሌለ ስላሳየ፣ ሐኪሙ ፕሮፕራኖሎል 20 ሚሊግራም በቀን ሦስት ጊዜ እንድወስድ አዘዘልኝ። ትርታው በእርግጥ ረግቧል፤ ነገር ግን በምትኩ ሌላ ጣጣ መጥቶብኛል። ጠዋት ጠመኔ መያዝ እስኪያቅተኝ ድረስ ጣቶቼ ቀዝቅዘው ይደነዝዛሉ። ወደ ትምህርት ቤት የሚወስደውን ዳገት ስወጣ ጉልበቴ ይከዳኛል፤ ከተቀመጥኩበት ፈጥኜ ስነሣ ዓይኔ ይጨልምብኛል፤ ሌሊት ደግሞ እውነት የሚመስል ቅዠት ያባንነኛል።

ዐቢይ ጾምም እየገባ ነው፤ በቀን ሦስት ጊዜ የሚወሰድን መድኃኒት ከጾም ጋር እንዴት እንደማስኬደው ግራ ገብቶኛል። ጎረቤቶቼ «ልብሽ ከረጋ ምን ያደርግልሻል፣ ተይው» ይሉኛል። እንዲህ ያለ መድኃኒት የጀመራችሁ ሰዎች እንዴት እንደተቋቋማችሁት ብትነግሩኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው።

መልስ፦ ታካሚ ከደብረ ብርሃን

እኅቴ፣ እግዚአብሔር ይማርዎ። የደም ግፊትም ስላለብኝ እኔ የምወስደው የዚሁ መድኃኒት ዘመድ የሆነውን አቴኖሎልን ነው። ስጀምረው የተሰማኝ ድካም እርስዎ ከገለጹት ጋር አንድ ዓይነት ነበር፤ ሰውነቴ እስኪለምደው ጥቂት ሳምንታት ወስዶ ቀለለልኝ። ብርዱ ግን ፈጽሞ አልተወኝም፤ እርግጥ ከ2,800 ሜትር በላይ ከፍታ ባላት ከተማ እየኖርኩ ብርዱን ሁሉ በመድኃኒቱ ላይ ማላከክ ፍትሕ አይሆንም። የጠቀመኝ፣ እጄን ከቀዘቀዘ በኋላ ከማሞቅ ይልቅ ሳይቀዘቅዝ መሸፈን ነው። ከቤት ከመውጣቴ በፊት ጓንትና ድርብ ካልሲ አደርጋለሁ፤ ደረትና ሆድ ካልሞቁ ጓንት ብቻውን ስለማይበቃም ከላይ ወፍራም ሹራብ እደርባለሁ። በደነዘዘ እጅ ከሰል ላይ መሞቅን ግን አልመክርዎትም፤ ትኩሳቱ ሳይሰማዎት ቆዳዎ ሊቃጠል ይችላል።

ማዞሩን በተመለከተ፣ ከአልጋ ሲነሡ እግርዎን ወደ መሬት አውርደው ጥቂት ይቀመጡና ከዚያ ይቁሙ። በቅዳሴ ሰዓት ዓይንዎን ካጨለመዎት ቆሞ ከመታገል መቀመጥ ይሻላል፤ ማንም አይታዘብዎትም። ጠላና አረቄ ማዞሩን ያብሱታል፤ ይህን ለመንዝ ሰው መናገር ድፍረት ቢመስልም።

መልስ፦ የመድኃኒት ቤት ባለሙያ፣ ሸዋ ሮቢት

ፕሮፕራኖሎል ስኮትላንዳዊው ሳይንቲስት ጄምስ ብላክ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ያስገኘው፣ በ1988 የኖቤል ሽልማት ካስገኙለት ሥራዎች አንዱ የሆነ መድኃኒት ነው። ይህን የማነሣው፣ ከብዙ ዘመን አገልግሎቱ የተነሣ ጉዳቱም ጥቅሙም በደንብ የታወቀ መሆኑን ለማስረዳት ነው። ሰውነት ሲደነግጥ የሚያመነጨው አድሬናሊን ልብን እንዳያፈጥን ያግዳል፤ ይሁንና እገዳው በልብ ብቻ ሳይወሰን የደም ሥሮችንና የሳንባን የአየር ቧንቧዎች ጭምር ስለሚነካ ጣት ይቀዘቅዛል። ዳገት ላይ ጉልበት የሚያንሰውም ልብዎ እንደ ቀድሞው መፍጠን ስለማይችል ነውና፣ እያረፉ ይውጡ እንጂ ራስዎን በድሮው እርምጃዎ አይመዝኑ።

ቅዠቱ የሚመጣው መድኃኒቱ በስብ ውስጥ በቀላሉ የሚሟሟና ወደ አንጎል የሚዘልቅ ስለሆነ ነው። ከላይ የተጠቀሰው አቴኖሎል በውኃ የሚሟሟና ይበልጥ ወደ ልብ የሚያደላ በመሆኑ ቅዠቱን ብዙ ጊዜ ይቀንሳል። ሆኖም ከሰውነት የሚወጣው በኩላሊት በኩል ስለሆነና በእርግዝና ጊዜ ስለማይመረጥ፣ መቀየሩን የሚወስነው ሐኪም እንጂ መድኃኒት ቤት አይደለም።

ወደ ጾሙ ልምጣ። ፕሮፕራኖሎል በቀን ሦስት ጊዜ የሚታዘዘው ኃይሉ ከሰውነት ቶሎ ስለሚወጣ ነው። የቀኑን ዘልሎ ማታ ሁለቱን በአንድነት መዋጥ በቀን ትርታው እንዲመለስ፣ ማታ ደግሞ ግፊት እንዲወርድ ያደርጋል። ስለዚህ እስከ 9 ሰዓት የሚጾም ሰው ወይ መድኃኒቱን በሰዓቱ በውኃ መዋጥ አለበት፤ ይህን ከንስሐ አባትዎ ጋር ይመካከሩበት፤ አለዚያም በቀን አንድ ጊዜ ብቻ ወደሚወሰድ ዓይነት እንዲቀየርለት ጾሙ ሳይገባ ሐኪሙን መጠየቅ አለበት። አንድ ተጨማሪ ነገር አለ፤ በረጅም ጾም የደም ስኳር ሲወርድ ሰውን የሚያስጠነቅቁት የእጅ መንቀጥቀጥና የልብ መምታት በዚህ መድኃኒት ይሸፈናሉ። ላቡ ግን አይሸፈንም። ያለ ሙቀትና ያለ ሥራ ድንገት ላብ ካጠመቀዎት ጾም መሆኑን ሳያስቡ ጣፋጭ ነገር ይቅመሱ፤ የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ደግሞ ጾሙን ከሐኪሙ ጋር ሳይመክር መጀመር የለበትም።

በራስዎ ውሳኔ በድንገት ማቆምን በተመለከተ ጎረቤቶችዎን አይስሟቸው። ታግዶ የቆየው ነገር በአንድ ጊዜ ሲለቀቅ ትርታው ከቀድሞው ብሶ ይመለሳል፤ የልብ ደም ሥር ጥበት ላለበት ሰውማ አደጋው ከዚህም ይከፋል። የሚቆም ከሆነ በሐኪም ትእዛዝ ቀስ በቀስ እየተቀነሰ ነው። እስከዚያ ድረስ ጠዋት ጠዋት ሁለት ጣት አንጓዎ ላይ፣ ከአውራ ጣት ሥር አኑረው ለአንድ ሙሉ ደቂቃ የልብ ምትዎን ቆጥረው ይመዝግቡት። ከ50 በታች ሆኖ ማዞር ወይም ራስን መሳት ካለ በዚያው ዕለት ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ።

ያልጻፏቸው ሁለት ነገሮች አሉ። አስም አለብዎት ወይ? የታይሮይድ (አንገት ላይ ያለው ዕጢ) እና የደም ማነስ ምርመራስ ተደርጎልዎታል? በደጋው አገር እንቅርት ብርቅ አይደለም፤ የትርታው ምንጭ የታይሮይድ ሆርሞን መብዛት ከሆነ ፕሮፕራኖሎሉ ምልክቱን ያስታግሣል እንጂ ሥሩን አይነቅለውም።

መልስ፦ እናት ከሰላ ድንጋይ

ልጄ፣ እመቤቴ ማርያም ትማርሽ። ስለ ጾሙ ባለሙያው ብሎታል፤ እኔ ስለ ጸበሉ ልጨምር። ወደ ጻድቃኔ ማርያም የሚመጣ በሽተኛ ብዙ ጊዜ መድኃኒቱን ጥሎ ሱባዔ ይገባል፤ ይህ ልብ የሚያረጋ መድኃኒት ግን በድንገት የሚጣል አለመሆኑን ማን ነግሮት? መድኃኒትንም የፈጠረ እግዚአብሔር ነውና በሰዓቱ ዋጪ፤ ጸበሉንም ተጠመቂ። ውኃው ግን እጅግ ብርድ ስለሆነ ከወጣሽ በኋላ የሚደግፍሽ ሰውና ደረቅ ጋቢ አይለይሽ።

ጠያቂዋ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ያክብርልኝ። የታይሮይድ ምርመራ አልተደረገልኝም። አስም ተብዬም አላውቅም፤ ነገር ግን ልጅ ሳለሁ በክረምት ደረቴ ያፍነኝ ነበር፤ ይህን መድኃኒት ከጀመርኩ ወዲህም ሌሊት ትንፋሼ ሲር ሲር የሚል ድምፅ እያወጣ ነው። ከብርዱ ነው ብዬ ስላሰብኩ ለሐኪሙ አልነገርኩትም። ይህም ከመድኃኒቱ ሊሆን ይችላል?

መልስ፦ የመድኃኒት ቤት ባለሙያ፣ ሸዋ ሮቢት

አዎን፣ ሊሆን ይችላል፤ ካነሡት ሁሉ የሚያስቸኩለውም ይኸኛው ነው። ፕሮፕራኖሎል የአየር ቧንቧን ሊያጠብ ስለሚችል አስም ላለበት ሰው አይሰጥም፤ ብርዱንና ድካሙን በትዕግሥት ማሳለፍ ቢቻልም ሲርታ ግን የሚለመድ ነገር አይደለም። ቀጠሮዎን ሳይጠብቁ፣ የሚቀጥለውንም ከመዋጥዎ በፊት፣ ዛሬውኑ እዚያው መሐል ሜዳ ወደ ሆስፒታል ይሂዱና መጀመሪያ ስለ ትንፋሽዎ ይንገሯቸው። የመድኃኒቱን ፓኬትና የመዘገቡትን የልብ ምት ይዘው ይግቡ። ተንፍሰው መናገር ካቃተዎት ወይም ከንፈርዎ ከጠቆረ ብቻዎን አይሂዱ፤ ሰው ይጥሩ።

ጠያቂዋ

ወንድሜ ሊያደርሰኝ መጥቷል፤ አሁን እየወጣን ነው።