ለጥበብ ልብስ ሱቃችን ዌብሳይት የትኞቹ ፕለጊኖች ይጫኑ?

ጸሐፊ፦
እንደምን አመሻችሁ። ሐሙስ ለጠቅላላ ጉባኤው የምናቀርበውን ሐሳብ እዚሁ እንቋጨው። ዌብሳይቱ በወርድፕረስ (የዌብሳይት መሥሪያ ፕሮግራም)፣ ሱቁ በዉኮሜርስ (እሱ ላይ የሚጨመር የመሸጫ ፕለጊን) እንዲሠራ ተስማምተናል። ዉኮሜርስ በነጻ ይጫናል፣ ዋጋውንም በኢትዮጵያ ብር ማድረግ ይቻላል። የሚሠራልን ልጅ ግን 14 ፕለጊን፣ ማለትም ዌብሳይቱ ላይ የሚጫን ተጨማሪ መሣሪያ፣ ዘርዝሮ ልኳል። ለእኔ በዝቶብኛል። እናንተስ?

ገንዘብ ያዥ፦
በክፍያው ልጀምር። ዝርዝሩ ላይ ስትራይፕ የሚባል የውጭ አገር የክፍያ አገልግሎት አለ። ስትራይፕ ኢትዮጵያ ውስጥ ለተመዘገበ ድርጅት አካውንት አይከፍትም፤ ይውጣ። በምትኩ የአገራችን የክፍያ አገልግሎት ቻፓ ይግባ። ለዉኮሜርስ የተዘጋጀ ፕለጊን አለው፣ ደንበኛውም በቴሌብር መክፈል ይችላል። ንግድ ፈቃዱንና ሌላውን ወረቀት እኔ አዘጋጃለሁ።

ከሸማኔዎቹ አንዷ፦
ጋሼ፣ በክፍያው እስማማለሁ። ፎቶ የሚጨምቀው ፕለጊንም ይቆይ፣ ግን አደራ። ትናንት ሽሮ ሜዳ በስልኬ ያነሳሁትን ነጠላ ከልጄ ጋር ሞክረነው ነበር። 5 ሜጋባይት የነበረው በጣም ቀሎ በሞባይል ዳታ ቶሎ ተከፈተ። ጥለቱን ጠጋ ብዬ ሳየው ግን አረንጓዴውና ወርቃማው ክር ተደባልቀዋል። ገዢ ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው ጥለቱ ላይ ነው። ስንት ቀን የተደከመበት ሥራ እንዲህ ደብዝዞ አይታይብን። መጀመሪያ የፎቶውን ስፋት ብናሳንስና ጭመቃውን ለስለስ ብናደርገውስ?

ጸሐፊ፦
እንዳልሽው ይሁን እህቴ። ለናሙና ሦስት ፎቶ ላኪልን፣ ሐሙስ ሁሉም ይየው።

የቁጥጥር አባል፦
ወንድሜ ላይ የደረሰውን ልንገራችሁ። በገንዘብ የሚሸጥ ፕለጊን አንድ ሰው «በነጻ» ሰጠውና ጫነ። ከወር በኋላ ደንበኞቹ ገጹን ሲከፍቱ ቁማር ቤት ይወስዳቸው ጀመር። እሱ በኮምፒውተር ሲያየው ደህና ነው። በስልክ ለሚገባ ሰው ብቻ ነበር የሚያደርገው፤ እስኪነቃበት ብዙ ደንበኛ ሸሸው። ባክአፕ (መጠባበቂያ ቅጂ) ነበረው፣ ግን እዚያው ሰርቨር ላይ ስለነበር እሱም ተበክሏል። ያን ቀን ፊቱን አይቼዋለሁ፣ እኛ ላይ እንዲደርስ አልፈልግም።

ስለዚህ ባክአፕ የሚይዘው አፕድራፍትፕላስ ይጫን። ቅጂው ወደ ጉግል ድራይቭ ይሂድ፣ አካውንቱም የማኅበሩ እንጂ የግለሰብ አይሁን። ለጥበቃ ወርድፌንስ ይበቃል። በነጻው ግን አዲስ የመከላከያ ሕግ የሚደርሰን ከከፋዮቹ 30 ቀን ዘግይቶ ነው። እሱን ጭነን እጃችንን አጣጥፈን አንቀመጥም፤ አፕዴት በየሳምንቱ መደረግ አለበት።

ወጣት አባል፦
ተንሸራታቹ ባነር፣ የበረዶ ማስዋቢያውና የጎብኚ መቁጠሪያው ይውጡ፤ ገጹን ከማክበድ በቀር ጥቅም የላቸውም። ዮስት ይቆይ፣ ጉግል ላይ ለመገኘት ይረዳናል። ገጹን በሁለት ቋንቋ የሚያደርገው ፖሊላንግ ግን በነጻው የዉኮሜርስን ዕቃ አይተረጉምም። ለጊዜው አማርኛውንና እንግሊዝኛውን አንድ ገጽ ላይ እንጻፈው፣ ዲሲ ያሉ ዘመዶቻችንም ያነቡታል።

ጸሐፊ፦
እንግዲህ ከዉኮሜርስ ሌላ የሚቀርቡት ቻፓ፣ አፕድራፍትፕላስ፣ ወርድፌንስ፣ ዮስትና የፎቶ መጭመቂያው ናቸው። ሌላ የሚጨመር ካለ ጥቅሙ በጽሑፍ ይቅረብ። አፕዴቱን ማን ይያዘው?

ወጣት አባል፦
ሰኞ ሰኞ እኔ። መጀመሪያ ባክአፕ፣ ከዚያ አፕዴት።

ገንዘብ ያዥ፦
ተባረክ። ሱቁ ከመከፈቱ በፊት እኔ ራሴ አንድ ነጠላ በቴሌብር ገዝቼ ልሞክረው። ገንዘቡ የማኅበሩ ሂሳብ መድረሱን ሳላይ ለሕዝብ እንዳይከፈት፣ ይህም ይጻፍልኝ።

ጸሐፊ፦
ተጽፏል ጋሼ።