ዓይኔን ስጨፍን የፍሬኑ ድምፅ ይመጣብኛል፤ ሜዲቴሽኑን ልተወው?

ጠያቂዋ፦

ሰላም ለሁላችሁም። የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ከዓመት ከአራት ወር በፊት የመኪና አደጋ ደርሶብኝ ነበር። አጥንት አልተሰበረም። ግን ከዚያ ወዲህ አንገቴና ወገቤ እፎይ ብለው አያውቁም። ምርመራው ሁሉ «ምንም የለብሽም» ነው የሚለው። ክፍል ውስጥ ሃያ ደቂቃ ከተቀመጥኩ፣ ከቀኝ ትከሻዬ ተነስቶ እስከ ጆሮዬ ሥር የሚወጥረኝ ነገር አለ። ከዚያ በኋላ መምህሩ ቢናገርም አልሰማም። ማስታወሻዬ ግማሽ ላይ ይቀራል።

ባለፈው ወር በስልኬ የሚመራ ሜዲቴሽን ጀመርኩ። በጀርባ ተንጋሎ፣ ዓይን ጨፍኖ፣ ከእግር ጣት እስከ አናት ሰውነትን በየተራ ማዳመጥ ነው። 45 ደቂቃ ይፈጃል። እግሬ ላይ እያለሁ ደህና ነኝ። ደረቴ ጋ ስደርስ ግን የፍሬኑ ድምፅ ይመጣብኛል። ልቤ ድው ድው ይላል፤ መዳፌ በላብ ይርሳል። ባለፈው ማክሰኞ ተነስቼ መብራት አበራሁና እስኪነጋ ቁጭ አልኩ። የዶርም ጓደኛዬ «ስትለምጂው ይተውሻል» ትለኛለች። እውነት ይተወኛል? ወይስ ለእኔ የሚሆን ነገር አይደለም? ፈተና ሦስት ሳምንት ነው የቀረው።

የቀድሞ ተማሪ፦

እህቴ፣ ጽሑፍሽን ሳነብ የራሴን ሦስተኛ ዓመት ያየሁ ነው የመሰለኝ። ያቃተሽ ነገር የለም። ዛሬ ማታ ያንን ቅጂ አትክፈቺው። እኔም «ስለምደው ይተወኛል» ብዬ ሁለት ወር ታግያለሁ። ያተረፍኩት እንቅልፍ ማጣት ብቻ ነው።

ልምምዱ ራሱ መጥፎ ሆኖ አይደለም። አሜሪካዊው ጆን ካባት-ዚን እ.ኤ.አ. በ1979 በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ማዕከል የጀመሩት የስምንት ሳምንት ሥልጠና አካል ነው። ሥልጠናው ከመነሻውም ሥር የሰደደ ህመም ያለባቸውን ሰዎች ያስተናግድ ነበር። እዚያ ግን አሰልጣኝ አለ፤ «እንዲህ ሆንኩ» ብለሽ የምትናገሪበት ሰዓት አለ። አንቺ ብቻሽን፣ በጨለማ፣ በጆሮ ማዳመጫ ነው የያዝሽው። አደጋ ያየ ሰውነት ደግሞ ዓይን ተጨፍኖ ነገር ሁሉ ጸጥ ሲል ያንን ቀን መልሶ ሊያመጣው ይችላል።

እኔን የረዳኝ ትኩረቴን ወደ ውጭ ማውጣቴ ነው። የሥነ ልቦና ባለሙያዬ መጀመሪያ የነገረችኝ ይህን ነበር፦ ዓይንህን ግለጥ፣ ጀርባህን ለግድግዳ ስጥ፣ በሩ የሚታይህ ቦታ ተቀመጥ፣ ከሰውነትህ የማያምህን አንድ ቦታ ፈልግ። የእኔ የቀኝ አውራ ጣቴ ነበር። ክፍል ውስጥ የዶርሜን ቁልፍ ከጠረጴዛው ሥር እይዝና ጥርሶቹን በአውራ ጣቴ እቆጥራለሁ። አምስት ናቸው። ሦስተኛው ተበልቷል፣ ጫፉ ይቧጥጣል። መጀመሪያ ቀዝቃዛ ነው፤ ቀስ እያለ በእጄ ሙቀት ይሞቃል። እስኪሞቅ ድረስ እዚያው ነኝ። ወገቤን አልተሻለኝም ነበር፤ ግን ከክፍሉ አልወጣሁም። ከሁለት ደቂቃ አላሳልፈውም። ሲከብደኝ ማቆምም የልምምዱ አንድ ክፍል መሆኑን ለመቀበል ነው ብዙ ጊዜ የፈጀብኝ።

ፊዚዮቴራፒስት፦

እንዲህ ያለ ህመም በሥራዬ በየቀኑ አያለሁ። «ምንም የለብሽም» የሚለው ቃል በጣም ያሳዝነኛል። ከሦስት ወር ያለፈ ህመም ሥር የሰደደ ይባላል። የተጎዳው ቦታ ከዳነ በኋላም የነርቭ ሥርዓቱ እንደነቃ ሊቀር ይችላል፤ ድሮ የማያሳምም ነገር ማሳመም ይጀምራል። እንቅልፍ ማጣትና ስጋት ደግሞ ያባብሱታል። ስለዚህ ህመምሽ የእውነት ነው፣ ልጄ። ከሐሳብሽ የፈጠርሽው አይደለም።

በሃያኛው ደቂቃ የሚጀምርሽ ከሆነ በአሥራ አምስተኛው ተነሺ። እስኪያምሽ አትጠብቂ። የኋላ ወንበር ያዢ፣ መምህሩንም አስቀድመሽ ንገሪው። ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች እንዲህ ላለ የጤና ችግር በፈተና መሃል እረፍት ይፈቅዳሉ። የሐኪም ወረቀት ስለሚጠይቁ ነገ ጠዋት ጀምሪው፤ ሦስት ሳምንት አጭር ነው።

ትንፋሽ ደግሞ እንዲህ ሞክሪ፦ እስከ አራት ቆጥረሽ በአፍንጫሽ አስገቢ፣ እስከ ስድስት ቆጥረሽ ቀስ ብለሽ አስወጪ። ትንፋሽ ሲወጣ ከአንጎል ወደ ልብ የሚወርደው የቫገስ ነርቭ የልብን ምት ዝግ ያደርገዋል፤ መውጫው የሚረዝመው ለዚያ ነው። ደረትሽ ላይ ማተኮር የሚያስፈራሽ ከሆነ ቁጥሩን ብቻ ያዢ።

እግርሽ ከደነዘዘ ወይም ከዛለ፣ ወይም ሽንት መቆጣጠር ካቃተሽ ልምምዱን ሁሉ ትተሽ በአስቸኳይ ሐኪም ዘንድ ሂጂ። የፍሬኑ ድምፅም ቢሆን ሕክምና አለው። ትራውማ (እንደ አደጋ ያለ አስደንጋጭ ነገር በአእምሮ ላይ የሚተወው ጉዳት) ላይ ያተኮረ የንግግር ሕክምና አለ፤ በዓይን እንቅስቃሴ የሚታገዘው ኢኤምዲአርም አለ። ትንፋሽ እነዚህን አይተካም።

ምንጣፌ፦

እኔን ያሻለኝ ዮጋ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 የሥነ አእምሮ ሐኪሙ ቤሰል ቫን ደር ኮልክና ባልደረቦቹ ያሳተሙት ጥናት ሕክምና አልበገር ያለው የትራውማ ችግር ያለባቸው 64 ሴቶችን ይዞ ነበር፤ ለአሥር ሳምንት ዮጋ የሠሩት ከሌላው ቡድን የበለጠ ተሽሏቸዋል። ግን አስተማሪ ምረጪ። የመጀመሪያዋ አስተማሪዬ ሳትጠይቀኝ ከኋላ መጥታ ትከሻዬን ያዘችኝ። ያን ቀን ምንጣፌን እዚያው ጥዬ ወጣሁ። የአሁኗ ሳትጠይቅ ማንንም አትነካም። ዓይን መጨፈንም ግዴታ አይደለም።

ጠያቂዋ፦

ከአምስት ቀን በኋላ ነው የምጽፈው፤ ይቅርታ። ቅጂውን ከስልኬ አጠፋሁት። ያጠፋሁት ሌሊት ደህና ተኛሁ።

ፊዚዮቴራፒስቱ፣ እርስዎ እንዳሉኝ ለመምህሬ ነገርኩት። «ችግር የለም፣ ቁሚ» ብቻ ነው ያለኝ። ለዚህ ነው አንድ ሴሚስተር ሙሉ የፈራሁት። የሐኪም ወረቀቱን ሐሙስ እወስዳለሁ፤ የሥነ ልቦና ባለሙያ ቀጠሮም ይዣለሁ።

የቁልፉን ነገር በእስክሪብቶ ክዳን ሞከርኩት። ጎኑ ላይ የጥርሴ ምልክት አለ፤ እሱን በጥፍሬ እከተላለሁ። ትናንት በአሥራ አምስተኛው ደቂቃ ተነስቼ ከኋላ ቆምኩ። ሁለት ልጆች ዞረው አዩኝ። አንገቴ አሞኛል፤ ግን ማስታወሻዬ እስከ መጨረሻው አለ።

ምንጣፌ፣ ለአስተማሪዋ ምን ብለሽ ነው የነገርሻት? አደጋውን መተረክ አልፈልግም።

ምንጣፌ፦

«ከኋላዬ አትምጪብኝ» አልኳት። ለምን ብላ አልጠየቀችኝም።